ገንዘባችን ማን ጋ ይደርሳል? ስለ ኩዊር ሕይወት የሚሠሩ ትንንሽ ዘጋቢ ፊልሞችን ስለመደገፍ

ማሂ_ስልቨርስፕሪንግ
ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ስልቨር ስፕሪንግ አንዲት ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ዘጋቢ ፊልም አየሁ። ስለ ቦል ነው። ለማታውቁት፣ ቦል ኒው ዮርክ ሃርለም ውስጥ ጥቁርና ላቲኖ የሆኑ ጌይ (ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ) እና ትራንስ (ሲወለዱ ከተሰጣቸው ፆታ በሌላ የሚኖሩ) ልጆች ለብዙ አሥርት ዓመታት ያቆዩት የውድድር ድግስ ነው። ሁሉንም በአንድ ቃል ኩዊር ይሏቸዋል። ለብሰው ይወጣሉ፣ ይራመዳሉ፣ ይጨፍራሉ። ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ፣ ዋንጫ ይሸለማል። ቮግ የሚባለው ጭፈራ ከዚያ ነው የመጣው። ከወላጆቻቸው ቤት የተባረሩት ልጆች "ቤት" የሚሉት ቡድን አላቸው። ቤቱ እናት አለው። እናትየዋ ታበላለች፣ ትቆጣለች፣ የታመመ ታስታምማለች።

ከፊልሙ አንድ ነገር ከዓይኔ አልጠፋም። የቤቱ እናት ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብላ ቀሚስ ላይ የሚያብረቀርቅ ፈርጥ አንድ በአንድ ትሰፋለች። አጠገቧ ሻይ ቀዝቅዟል። መርፌው ይወጋታል፣ ጣቷን መጠጥ አድርጋ ትቀጥላለች። ቀሚሱ የእሷ አይደለም፣ የልጇ ነው። እናቴ ለገና ልብስ ስትሰፋልኝ ልክ እንደዚያ ነበር ጣቷን የምትመጠው። ጨለማው ውስጥ አለቀስኩ።

ስንወጣ ዳይሬክተሯ ራሷ በር ላይ ታጣፊ ጠረጴዛ ዘርግታ ቆማለች። ከሠላሳ ሰው አንበልጥም ነበር። ስንት ጊዜ ፈጀብሽ አልኳት። ስድስት ዓመት አለችኝ። መሐል ላይ አንድ ጭፈራ ድምፁ ጥፍት የሚልበት ቦታ አለ፣ እኔ ጥበብ መስሎኝ ነበር። ለካ የዘፈኑን ፈቃድ የምትከፍልበት አጥታ ነው። የመጨረሻውን ወጪ በክሬዲት ካርድ ነው የጨረሰችው።

እና ጥያቄዬ ይኼ ነው። ቲኬት ገዛሁ፣ አቀፍኳት፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ በትክክል የሚረዳው ምንድን ነው? ገንዘብ ብንሰጥስ ማን ጋ ነው የሚደርሰው?

አርታዒው_ኦክላንድ
ማሂ፣ እኔ ፊልም ኤዲት በማድረግ ነው የምተዳደረው፣ ስለዚህ ከውስጥ የማውቀውን ልንገርሽ።

ሰው ዘጋቢ ፊልም ሲባል ካሜራ ይዞ መዞር ብቻ ይመስለዋል። ቀረጻው ላይ ጓደኛ ይረዳል፣ ካሜራ ይዋሳሉ፣ ሶፋ ላይ ይተኛሉ። ወገብ የሚሰብረው መጨረሻው ነው። የሙዚቃ ፈቃድ አለ። የድሮ ቪዲዮና ፎቶ ባለቤቶች የሚከፈላቸው አለ። የድምፅ ማጣሪያ አለ፣ የቀለም ሥራ አለ፣ የግርጌ ጽሑፍ አለ። ቴሌቪዥን ጣቢያ ደግሞ ከክስ የሚከላከል ኢንሹራንስ ካላመጣህ ፊልምህን አይነካም። ስለ ጭፈራ የሚሠራ ፊልም ላይ ደግሞ ሙዚቃው እንደሌላው ፊልም ማጀቢያ አይደለም። ቦል ላይ ዘፈኑን ካወጣኸው ሰዎቹ ምን ላይ እንደሚጨፍሩ አይታወቅም። ያየሽው ዝምታ እሱ ነው።

ለዚህ ነው ሳን ፍራንሲስኮ ያለው ፍሬምላይን የሚባል የኩዊር ፊልም ፌስቲቫል ከ1990 ጀምሮ ለማጠናቀቂያ ብቻ የሚሰጥ ፈንድ ያቋቋመው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ፍሬምላይን በ1977 ሲጀመር ጥቂት ልጆች ሱፐር 8 በሚባል ትንሽ ካሜራ የቀረጹትን አንሶላ ላይ እያሳዩ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በዚህ ዘርፍ ረጅም ዕድሜ ያለው ፌስቲቫል ነው። ፊልም ሰሪውን "ቀርጸህ ጨርሰሃል፣ አሁን የጎደለህ ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቁታል። ትንሽ ገንዘብም ቢሆን እዚያ ሰዓት ላይ ነፍስ ነው።

እንደ ግለሰብ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ኪክስታርተር የሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ነው። ግቡ ካልሞላ ማንም አይከፍልም፣ ከሞላ ድርጅቱ 5 በመቶ ይወስዳል፣ የካርድ ክፍያው ሲቀር ማለት ነው። ሁለተኛው ስፖንሰር የሚሆን በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ፊልሙ ራሱ በጎ አድራጎት ስላልሆነ፣ ድርጅቱ በፊልሙ ስም ገንዘቡን ተቀብሎ ጥቂት በመቶ ለአስተዳደር አስቀርቶ ያስተላልፋል። አሜሪካ ግብር ለምትከፍሉ፣ የሰጣችሁት ግብር ከሚከፈልበት ገቢያችሁ ሊቀነስላችሁ ይችላል። ዳይሬክተሯን ስፖንሰር አለሽ ወይ በያት። ካለ ከጎፈንድሚ በእሱ ይሻላል።

እና ቶሎ መስጠት። 50 ዶላር ፊልሙ ሳያልቅና 50 ዶላር ፊልሙ ካለቀ በኋላ አንድ አይደለም።

እትዬ_ብሩክሊን
ልጆቼ፣ ደህና ናችሁ? እኔ ብሩክሊን ከገባሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ማሂ "ገንዘባችን ማን ጋ ይደርሳል" ያልሽው ነገር ቆየት ያለ ቁስል ነው የነካው።

"ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ"ን ታውቁታላችሁ። ጄኒ ሊቪንግስተን በሰማንያዎቹ ሃርለም ቦል ላይ የቀረጸችው ነው። በ1991 ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ትልቁን የዳኞች ሽልማት ወሰደ። በዚያው ዓመት ፊልም ፎረም የሚባለው የኒው ዮርክ ሲኒማ ቤት ሲገባ ሳምንታት አልፈው ሳምንታት ሲመጡ ሰው አልጎደለም። እኔም ከሥራ ቀጥታ ሄጄ አይቼዋለሁ። ለእንደዚያ ዓይነት ፊልም በጣም ብዙ የሚባል፣ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አስገባ።

ፊልሙ ውስጥ ያሉት ሰዎችስ? ፔፐር ላቤጃ፣ ዶሪያን ኮሪ፣ ዊሊ ኒንጃ፣ አንጂ ኤክስትራቫጋንዛ። ፊልሙ ዝነኛ ሲሆን ብዙዎቹ "የእኛስ ድርሻ?" አሉ። ፓሪስ ዱፕሪ የምትባለው የቦል ሰው 40 ሚሊዮን ዶላር ጠየቀች። ሁሉም ሲቀረጹ የፈቃድ ወረቀት ፈርመው ስለነበር በሕግ የትም አልደረሱም። በስተመጨረሻ ወደ 55,000 ዶላር ለ13 ሰዎች፣ ፊልሙ ላይ በታዩበት ደቂቃ ልክ ተከፋፈለ። በቃ እሱ ነው።

ለሊቪንግስተንም ፍርድ ላጉድልባት አልፈልግም። ጋዜጠኛ ለሚጠይቀው ሰው አይከፍልም፣ የዘጋቢ ፊልም ልማድም ያኔ እንደዚያ ነበር። ገንዘቡን ለማሰባሰብም ዓመታት ለፍታለች። ፊልሙ ባይኖር እነዚያን ሰዎች ዛሬ ማንም አያውቃቸውም ነበር። ይኼም እውነት ነው። ግን ፊልሙ ውስጥ ያለችው ቬነስ ኤክስትራቫጋንዛ ቀረጻው ሳያልቅ በ1988 ተገድላ ተገኘች። ዶሪያንና አንጂ በ1993 በኤድስ ሞቱ። ፊልሙ ሲታይ፣ ሲሸለም፣ ሲጨበጨብ የብዙዎቹ የችግር ኑሮ ግን አልተለወጠም። ይኼንን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይባባል።

በ2015 ደግሞ እዚህ ፕሮስፔክት ፓርክ የፊልሙን 25ኛ ዓመት ሊያከብሩ ተነሡ። መድረኩ ላይ መጀመሪያ የጠሯቸው ሰዎች መሐል የቦል ማኅበረሰብ የለም። ልጆቹ ተቆጡ፣ ፊርማ አሰባሰቡ። አዘጋጆቹም ዝግጅቱን ለመለወጥ ተገደዱ። ደግ አደረጉ።

ስለዚህ ማሂዬ፣ ገንዘብ ከመስጠትሽ በፊት ዳይሬክተሯን በትሕትና አንድ ነገር ጠይቂያት፦ "የቤቱ እናት ስንት ደረሳት?"

አዳማ_ልጅ
እኔ ግልጹን ልናገር። በቤተ ክርስቲያን ያደግኩ ሰው ነኝ፣ በጉዳዩ ያለኝን እምነት አልለወጥኩም። ይኼንን ክር ያነበብኩት ተቆጥቼ ነው። ግን የእትዬን ጽሑፍ ሳነብ ቁጣዬ ወደ ሌላ ሄደ። ሰው ሕይወቱን ሰጥቶ፣ ስሙን ሰጥቶ፣ ሌላው ሲሸለምበት እሱ ደግሞ በችግር ሲሞት ልክ አይደለም። እሱ ላይ እስማማለሁ።

ጥያቄዬ ግን፣ ለምንድን ነው እኛ ሐበሾች እዚህ ውስጥ የምንገባው? የራሳችን ያላለቀ ስንት ጉድ አለ። ደግሞም ዞሮ ዞሮ ፊልሙን የሚሠራው ከውጭ የመጣ ሰው ነው። መጥቶ ያያል፣ ይሄዳል።

ማሂ_ስልቨርስፕሪንግ
ወንድሜ፣ በጨዋነት ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። ከልቤ ነው።

እኛ ለምን ላልከው፣ ለእኔ መልሱ ቅርብ ነው። ከእኛም ልጆች መሐል ከቤት የወጡ አሉ። እዚሁ ከተማ የማውቃት ልጅ አለች፣ እናቷ ስልኳን ካገደቻት አራት ዓመት ሆኗታል። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ የራሷ ጉዳይ ነው። ቅዳሜ ግን አጠገቤ ተቀምጣ የነበረችው እሷ ነች። "ቤት" ሲሉ ሰምታ እጄን ጨበጠችኝ።

ከውጭ ስለሚመጣ ሰው ያልከው ግን ልክ ነው። ጥቁር አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ቤል ሁክስም በ"ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ" ላይ ያቀረበችው ዋና ትችት እሱ ነበር። ለዚህ ነው "ኪኪ" የሚባለው የ2016ቱ ፊልም ደስ የሚለኝ። ዳይሬክተሯ ስዊድናዊቷ ሳራ ዮርደነ ናት፣ ግን ፊልሙን አብሯት የጻፈው ትዊጊ ፑቺ ጋርሶን ከዚያው ከቦሉ የወጣ ሰው ነው። በርሊን የፊልም ፌስቲቫል ላይ ለኩዊር ፊልሞች የሚሰጠውን ቴዲ የሚባል ሽልማት አግኝቷል። ስትመለከተው ልዩነቱ ይታይሃል። ካሜራው አይሰርቅም። ልጆቹ የሚፈልጉትን ነገር፣ ስለ መጠለያ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ሥራ፣ በራሳቸው አፍ ያወራሉ።

አርታዒው_ኦክላንድ
እዚህ ላይ የማርሎን ሪግስ ስም ሳይነሣ ማለፍ ይከብደኛል። እሱ ከውስጥ ሆኖ ነው የሠራው። ጥቁርም ጌይም ነበር፣ "ተንግስ አንታይድ" የሚለው ፊልሙም የራሱ ሕይወት ነው። በ1989 ወጣ፣ 55 ደቂቃ ነው። ከመንግሥት የኪነ ጥበብ ፈንድ ዞሮ የደረሰው 5,000 ዶላር ነበር። በ1991 በሕዝብ ቴሌቪዥን ሊታይ ሲል ብዙ ጣቢያዎች አናሳይም አሉ። በሚቀጥለው ዓመት ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደር የነበረው ፓት ቡካናን ከፊልሙ ቆርጦ የቅስቀሳ ማስታወቂያ አደረገው፣ "ግብራችሁ የሚሄደው ለዚህ ነው" ለማለት። በ5,000 ዶላር! ሪግስ በ1994 በ37 ዓመቱ በኤድስ አረፈ። በ2022 ያው ፊልም የአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ ገባ።

የሕዝብ ገንዘብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ከእንደዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ያኔ የግለሰብ 20 እና 50 ዶላር ነው ሥራውን የሚያቆየው።

ናይሮቢ_ነኝ
ከናይሮቢ ነው የምጽፈው። እናንተ ስለ ገንዘብ ታወራላችሁ፣ ትክክል ነው። እዚህ ግን ከገንዘብ የሚቀድም ነገር አለ።

ጎረቤታችን ኡጋንዳ ውስጥ ዴቪድ ካቶ የሚባል መምህር ነበር፣ የመብት ተሟጋች። በ2010 አንድ ጋዜጣ የሰዎችን ስምና ፎቶ አትሞ "ስቀሏቸው" ብሎ ጻፈ። ካቶ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ከሰሰና ጥር 2011 መጀመሪያ ላይ አሸነፈ። በዚያው ወር 26 ቤቱ ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ ተገደለ። "ኮል ሚ ኩቹ" የሚለው ዘጋቢ ፊልም ያኔ እሱን እየቀረጸ ነበር። ፊልሙን ስታዩ የምታዩት ሰው በሕይወት ያለ፣ የሚስቅ፣ የሚያስተናግድ ሰው ነው። መሐል ላይ ቀብሩ ይመጣል።

እዚሁ ኬንያ ደግሞ "አይ አም ሳሙኤል" አለ። ፒት ሙሪሚ የሚባል ኬንያዊ አምስት ዓመት ቀረጸው። ስለ አንድ የገጠር ልጅና ስለ ጓደኛው ነው። አባቱ ሰባኪ ናቸው። አባትየው ልጃቸውን ይወዱታል፣ የልጃቸውን ሕይወት ግን መቀበል ያቅታቸዋል። አዳማ ልጅ፣ ይኼን ፊልም ብታየው ደስ ይለኛል። ማንንም አይሰብክም። እርሻው አለ፣ ቤተሰቡ አለ፣ የእናትየዋ ዝምታ አለ። መስከረም 2021 የፊልም ቦርዱ በመላ አገሪቱ እንዳይታይ አገደው። በተሠራበት አገር የማይታይ ፊልም ከውጭ ተመልካች ካልገዛው ማን ይገዛዋል?

ስለ ጥንቃቄ አንድ ልመና ልጨምር። አገራችን ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መሐል የሚደረግን ግንኙነት በእስራት ያስቀጣል። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ፊልም ስታሳዩ አዳራሹን በስልክ አትቅረጹ። የተመልካች ፎቶ አትለጥፉ። ፊልሙ ውስጥ ሐበሻ ከታየ "ይኼ የእገሌ ልጅ አይደለም?" ብላችሁ ኮሜንት አትጻፉ። ያቺ አንዲት ኮሜንት ሰው ልታስገድል ትችላለች።

ፊልም ሰሪዎቹም እየተማሩ ነው። በ2020 የወጣው "ዌልካም ቱ ቼችኒያ" ከሩሲያዋ ቼችኒያ ግዛት ሸሽተው የወጡትን ኩዊር ሰዎች ፊት በኮምፒውተር ቀይሮ ነው ያሳየን። ኒው ዮርክ ያሉ ተሟጋቾች ፊታቸውን አዋሷቸው። ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፉ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ፊቱ የሌላ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ጥበቃ ብዙ ወጪ አለው። "ፊታቸውን ለመሸፈን" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፊልም ካያችሁ እጃችሁ አይጠር።

ዮዲት_ነታንያ
እኔ እስራኤል አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። ከፊሊፒንስ የመጡ መታፔሌቶች (አረጋውያን ተንከባካቢዎች) ጋር ቀኑን ሙሉ አብሬ ነኝ። ስለ እነሱ የተሠራ ፊልም አለ፣ "ፔፐር ዶልስ" ይባላል፣ የቶመር ሄይማን ነው፣ 2006። ትራንስ የሆኑ ፊሊፒናውያን ናቸው። ቀን ብኔ ብራክ ውስጥ ሃይማኖተኛ ሽማግሌዎችን ያጥባሉ፣ ያበላሉ። ሌሊት ቴል አቪቭ ወጥተው ለብሰው ይዘፍናሉ።

እኔን የነካኝ ጭፈራው አይደለም። አንዷ ድምፃቸው የተዘጋባቸውን ሽማግሌ የምትይዝበት አያያዝ ነው። ዕብራይስጥ ታስተምረኛለህ ትላቸዋለች፣ እሳቸውም በወረቀት እየጻፉ ያስተምሯታል። እኔ ያንን አያያዝ አውቀዋለሁ፣ በየቀኑ አየዋለሁ። ፊልሙ በተቀረጸበት ጊዜ ቪዛቸው ከአሠሪው ጋር የታሰረ ነበር። ሽማግሌው ከሞቱ፣ ወይም አሠሪው ካባረራቸው፣ ወዲያው ሕገ ወጥ ይሆኑ ነበር። ቤይሩትና ገልፍ ያሉ እህቶቻችን ሠራተኛን ከአሠሪዋ ጋር ስለሚያስረው የከፋላ ሥርዓት የሚነግሩን ያንኑ ነው። ይኼ የእኛ ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው ይኼን ፊልም ይይ።

ትርጉም_ቤት
ሰላም። እኔ ሙያዬ ትርጉም ነው። አንድ የማልሰማው ድጋፍ አለ፣ ቋንቋ። እነዚህ ፊልሞች በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ቢኖራቸው ማሂ እናቷን ይዛ ትገባ ነበር።

ቀላል ሥራ አይደለም። አማርኛችን ለእነዚህ ሰዎች ያዘጋጀው ቃል አብዛኛው ስድብ ወይም የወንጀል ስም ነው። ተርጓሚው ሳያስበው ፊልሙን በአንድ ቃል ሊገድለው ይችላል። "ግብረ ሰዶም" ብለህ ከጻፍክ ገጸ ባሕሪው አፍ ውስጥ የከሳሹን ቃል ከተትክ። እኔ ጌይ፣ ትራንስ፣ ኩዊር እያልኩ በፊደላችን ነው የምጽፈው። አገር ቤት ያሉት እርስ በርሳቸው "ዜጋ" ይባባላሉ። ደስ የሚል ቃል ነው፣ ግን የእነሱ ስለሆነ ሃርለም ላለ ሰው አላውሰውም።

የቦልን ቋንቋ በተመለከተ ግን አማርኛ ሀብታም ነው! "ሪዲንግ" የሚሉት፣ ጓደኛ ጓደኛውን ጉድለቱን እያነሣ በሳቅ የሚገድልበት፣ ተረብ ነው። የአዲስ አበባ ሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። "ሼድ" ደግሞ አሽሙር ነው። በቀጥታ ሳትሰድበው ተሰድቦ የሚሄድበት። "ሃውስ ማዘር"ን "የቤቱ እናት" ብትለው ማንም ማብራሪያ አይጠይቅህም። ይኼንን ሳገኝ ለሊቱን ሙሉ ስሠራ አድሬያለሁ።

ማሂ፣ ዳይሬክተሯ ፈቃድ ከሰጠችኝ ግርጌውን በነፃ እሠራለሁ። የሚያርምልኝ ሁለተኛ ሰው ግን ያስፈልገኛል። በተለይ ከማኅበረሰቡ የሆነ።

አርታዒው_ኦክላንድ
ድንቅ ነው። ሁለት አጭር ነገር ልጨምር።

አንድ፣ በግል የተላከላችሁን ሊንክ ይዛችሁ አዳራሽ ውስጥ አታሳዩ። ለሕዝብ ማሳየት የራሱ ፈቃድ አለው፣ ለፊልም ሰሪዋ ደግሞ ከቲኬት ይልቅ የሚጠቅማት እሱ ነው። ማኅበርም ሆነ ዩኒቨርሲቲ ፈቃዱን ሲገዛ በአንድ ጊዜ ዳጎስ ያለ ገንዘብ ይገባላታል።

ሁለት፣ ቤተ መጻሕፍታችሁ። ብዙ የአሜሪካ ከተሞች በቤተ መጻሕፍት ካርድ ካኖፒ በሚባል የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ላይ ፊልም ያሳያሉ። እናንተ በነፃ ታያላችሁ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይከፍላል። ካርድ ያለው ሁሉ "ይኼን ፊልም አምጡልን" ብሎ ቅጽ መሙላት ይችላል። ሦስት ደቂቃ ነው።

እትዬ_ብሩክሊን
ትርጉም ቤት፣ የልብስ ስፌቱን ቃላት በተመለከተ እኔን ጠይቀኝ። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ፈርጥ፣ ዘርፍ፣ ገበር፣ ቅምቅማት፣ ሁሉንም እነግርሃለሁ።

አዳማ_ልጅ
የኬንያውን አየሁት። አባትየው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳያዩት ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ የእኔን አባት መሰሉኝ። ሌላ የምለው የለኝም። እምነቴ ያው ነው። ለፊት መሸፈኛው የሚሰበሰብ ነገር ካለ ግን ስሜ ሳይጻፍ 40 ዶላር እሰጣለሁ።

ማሂ_ስልቨርስፕሪንግ
ዳይሬክተሯን ደውዬ አገኘኋት። የእትዬን ጥያቄ ጠየቅኳት። ዝም አለች፣ ከዚያ ነገረችኝ። ለቤቱ እናት ለቀረጻ ቀናት በሙሉ በቀን ከፍላታለች። ፊልሙ ትርፍ ካመጣ ደግሞ ድርሻ እንዳላት በውል ተጽፏል። እስካሁን ግን ትርፍ የሚባል የለም፣ ዕዳ ነው ያለው። ያልተከፈለው የዘፈኑ ፈቃድ 1,800 ዶላር ነው።

ስለዚህ ስድስት ሆነን እንደ ዕቁብ ልናዋጣ ተነጋገርን፣ እያንዳንዳችን በየወሩ 50 ዶላር፣ ለስድስት ወር። ዕጣ የለውም፣ ሁሉም ወር ላይ የሚደርሰው ለፊልሙ ነው። ስፖንሰር ድርጅት አላት፣ በእሱ በኩል ነው የሚገባው። አዳማ ልጅ፣ ያንተን ለየብቻ በግል መልእክት እንነጋገራለን፣ ስምህ የትም አይወጣም።

የአማርኛውንም ፈቅዳለች። ትርጉም ቤት፣ ፋይሉን ነገ ትልክልሃለች። አራሚዋ አጠገቤ የነበረችው ልጅ ነች፣ ራሷ ናት እኔ ልሥራው ያለችው። ስሟ ግርጌ ላይ አይጻፍም። እትዬ፣ እሑድ ከሰዓት 9 ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር በስልክ እንገናኝ፣ የመጀመሪያው ትዕይንት ያው የፈርጡ ስፌት ስለሆነ ከእርስዎ ነው የምንጀምረው።